ለእሑድ የተቀጠረ መርዶ

«ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ዶክተር ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን» አሉ ሰብሳቢው። ግራጫ ሹራብ የለበሱ፣ ጸጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ አንዲት ሴትዮ ብድግ ብለው፣ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ከድሪያ የውሃ ጆግ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ፎርት ስኔሊንግ፣ የሚኒያፖሊስ ኤርፖርት አጠገብ ባለው በዚህ ሆቴል ስብሰባ የሚያስተናግድ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ብርጭቆ ሳይጎድል መሙላትን፣ ቀጥሎ ደግሞ እንደሌለ ሰው መቆምን ነው። ከድሪያ ሁለቱንም ከተማረች ቆይታለች። ስለዚህ በሩ ሲዘጋ እሷን አይቶ «ይህቺስ ሴትዮ?» ያለ አልነበረም። ሰብሳቢው የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ። ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ሰባቱም የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች እጃቸውን አወጡ፤ አንዱማ በሌላው እጁ ኬኩን እየቆረሰ ነበር። በዚህ ዓይነት ሴንት ፖል ያለው ትንሹ ኮሌጅ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከኮንፈረንሱ ተሰናበተ። የከድሪያ ልጅ ኢናስ የምትማረውና የምትሮጠው እዚያ ኮሌጅ ነው።

ኮንፈረንስ የሚባለው ነገር ድሮ ለከድሪያ ስብሰባ ብቻ ይመስላት ነበር። ኢናስ ኮሌጅ ገብታ ሩጫ ስትጀምር ነው ባሏ ባህሩዲን ያስረዳት። «ቅሬ በይው» አላት፤ «የኮሌጆች ቅሬ።» ለወሎ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ እድር የሚሉት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በባቡር ደርሰው በዚያው ቀን መመለስ የሚችሉ አራት የቤተ ክርስቲያን ኮሌጆች እርስ በርስ እንጫወት፣ ዳኛውንም በጋራ እንክፈል ብለው ተስማሙ። ኋላ ሌሎችም ገቡበት፤ ከዊስኮንሲን መጡ፣ ከአይዋ መጡ፣ መዋጮ ተቆረጠ፣ ሕግ ወጣ፣ ጸሐፊ ተቀጠረ። ማን ከማን መቼ እንደሚጋጠም፣ ዝናብ ከጣለ ወደ መቼ እንደሚዛወር፣ ያረፈደ ቡድን ምን እንደሚቀጣ የሚወስነው ኮንፈረንሱ ነው። አሸናፊውን ወደ አገር አቀፉ ውድድር የሚልከውም እሱ ነው። ኮንፈረንስ የሌለው ኮሌጅ ቅሬ እንደሌለው ሰው ነው፤ ደስታውም ሐዘኑም የብቻው ነው። ፕሬዚዳንቶቹ በዓመት ሁለቴ እዚህ ሆቴል ይሰበሰባሉ፤ የሩቆቹ ከአውሮፕላን ወርደው ስብሰባ ውለው ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ከድሪያ ማን ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ማን የእንቁላል አስኳል እንደሚተው ታውቃለች። ልጇ ከኮሌጆቹ በአንዱ እንደምትሮጥ ግን ነግራቸው አታውቅም። ማንም አልጠየቃትማ።

የሴንት ፖሉ ኮሌጅ ጥፋት ድህነት ነው። ሕጉ እያንዳንዱ አባል ቢያንስ አሥር ቡድን ይኑረው ይላል። ኮሌጁ ተማሪ እየቀነሰበት ሲሄድ መጀመሪያ የዋናተኞቹን ቡድን ዘጋ፣ ቀጥሎ ቴኒሱን፣ አምና ደግሞ ቤዝቦሉን። እስኪያሟላ ብለው ጊዜ ሰጡት፤ አላሟላም። ደጅ የሚጠና ሌላ ኮሌጅ ደግሞ ከደቡብ በኩል አለ፤ አዲስ ስታዲየም አሠርቷል፣ የራሱ አውቶቡሶች አሉት። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ነው ነገሩ። የድሃ አገር ቅሬ እንኳ መዋጮ ያቃተውን ሰው ሽማግሌ ልኮ ይጠይቀዋል እንጂ ሀብታም ጎረቤት መጣልኝ ብሎ አያስወጣውም። ከድሪያ ይህን በሆዷ እያለች ብርጭቆ ትሞላለች። ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቅዳሜ የሴቶቹ የኮንፈረንስ የሩጫ ሻምፒዮና ስለሆነ ወሬው እስከ ሰኞ እዚሁ ይቆይ፣ ልጆቹ በሰላም ይሩጡ አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከልባቸው አዝነው ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ከድሪያ ጆጓን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ቅድም የወጡት ሴትዮ፣ የሴንት ፖሉ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት፣ መስኮቱ አጠገብ ቆመው የሚነሣ አውሮፕላን ያያሉ። ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው። አመስግነው ተቀበሉና፣ ሰው የማያውቀው አስተናጋጅ ፊት እንደሚናገረው፣ ለመስኮቱ ተናገሩ። ካስወጡን የሩጫ ቡድናችንም በዚህ ዓመት ያበቃል፤ ልጆቹን ለብቻቸው ከአገር አገር የምልክበት አቅም የለኝም፤ ጥሩ ቡድን ነበር፤ ሦስተኛ ትወጣለች የምትባል ልጅ እንኳ ነበረችን አሉ። ሦስተኛ ትወጣለች የተባለችውን ልጅ ለሱብሒ ሶላት የቀሰቀሰቻት ከድሪያ ናት።

«ገና እያወሩ ነው?» ብለው ዞር አሉ።

እጆቹ ወጥተው ወርደዋል። ሰዎቹ ውስጥ ሆነው ምሳ የሚመርጡበትን ወረቀት እያዩ ነው።

«ገና ናቸው» አለች ከድሪያ። ለምን እንደዋሸች ራሷም አልገባትም። ክፉ ነገር ለሰው ቶሎ አይነገርም፤ አፏ የለመደው እንዲህ ነው።

ይህ ወሬ በሌላ ቀን መጥቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። የመጣው ግን ዛሬ፣ ሐሙስ ነው። ጠዋት ብሩክሊን ሴንተር ካለው ቤታቸው ሲመጡ መኪናውን የምትነዳው ኢናስ ነበረች፤ እናቷን ሥራ አድርሳ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች። አውራ ጎዳናው ላይ ሲገቡ ነው የጀመረችው። ከዚሁ ከኮንፈረንሱ አባል ኮሌጆች የአንዱ፣ አይዋ ድንበር አካባቢ ያለው ኮሌጅ አሠልጣኝ፣ ጥር ላይ ትራንስፈር አድርጋ ወደ እነሱ እንድትዛወር ጠይቃታለች። ዶርም አለ፣ ምግብ አለ፣ እስክትመረቅ ትሮጣለች። መልሱን ግን ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ትፈልገዋለች፤ አለዚያ ቦታው ተራ ለምትጠብቅ ሌላ ልጅ ይሄዳል። ኢናስ ይህን ሁሉ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ተናገረችና «ኡሚ፣ አይ ቲንክ… መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። ከድሪያ መልስ አልሰጠችም፤ አለቀሰች። የሦስት ሰዓት መንገድ በበረዶ፣ ረመዳን ሲገባ ለሱሑር ማን ይቀሰቅስሻል፣ ያለ አንቺ ማን አለን፣ እኔና አባትሽ ግድግዳ ስናይ ልንውል ነው ወይ፣ እያለች እስከ ሆቴሉ በር ድረስ አለቀሰች። ኢናስ መኪናውን አቁማ እጇን በእናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችና «ኦኬ ኡሚ። አስብበታለሁ» አለች። ከድሪያ ከመኪናው ስትወርድ ልቧ ተረጋግቶ ነበር። እንባዋ ሠርቶላታል።

የጠረጴዛ ልብስ የሚታጠፍበት ክፍል ከኩሽናው ጀርባ ነው፤ መስኮት የለውም፣ የሳሙና ሽታ አለው፣ ሶላትም የሚሰገደው እዚያው መደርደሪያዎቹ መሐል ነው። ፈነት እዚያ ቆማ ናፕኪን ታጥፋለች። የነቀምት ሴት ናት፤ ከከድሪያ ጋር አብረው መሥራት ከጀመሩ ልጆቻቸው አድገዋል። ከድሪያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘግታ ሁሉንም ነገረቻት፤ የወጡትን እጆች፣ ኮሪደር ላይ ያሉትን ሴትዮ፣ የጠዋቱን ልቅሶ። ፈነት ናፕኪኑን አስቀመጠችው።

«ደውይላት» አለች። «አሁኑኑ ደውይላት። ትራንስፈሩን እሺ ትበል።»

«መርዶ በስልክ?»

«ማን ሞተና ነው መርዶ የምትዪው?»

ከድሪያ ግን ልጇን ታውቃለች። ኢናስ መጀመሪያ ዓመት ላይ በእያንዳንዱ ውድድር መጨረሻ የምትገባ ልጅ ነበረች፤ ረጅም ሱሪዋንና ሻሿን አይተው ሰዎች የሚያጨበጭቡላት ለሐዘኔታ ነበር። ክረምቱን በሙሉ በበረዶ ላይ እየሮጠች፣ ጫማዋ ማሞቂያው ሥር ሳይደርቅ እየነጋ፣ እዚህ ደረሰች። ለዚያች ልጅ ቡድንሽ ተዘጋ ማለት ሰው ሞተብሽ ማለት ነው። ክፉ ወሬ ደግሞ ወግ አለው። በስልክ አይነገርም። ላልበላ ሰው አይነገርም። ለነፍሰ ጡር፣ መንገድ ለጀመረ፣ ለፈተና ለተቀመጠ፣ መኪና ለሚነዳ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንደበቱ የለዘበ ሽማግሌ ፊት ፊት ገብቶ ነው የሚነገረው፤ ያን ጊዜ ሐዘንተኛው ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አለ። ስለዚህ ኢናስ ቅዳሜን ትሩጥ። እሑድ ንጋት ላይ ፈነትና ባሏ ኦላና ይመጣሉ፤ ኦላና ቃል ያውቃል፣ እሱ ይነግራታል። ከድሪያ ይህን ሁሉ ስትናገር አስባ የጨረሰችው ነገር መሰለ።

የራሷም ነገር አለ፤ ፈነት ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ኢናስ ሆዷ ውስጥ ሳለች የከድሪያ እናት ኮምቦልቻ ላይ ታመሙ። ሚኒያፖሊስ ያለ የሰፈር ሰው ሁሉ አወቀ፤ እሷ ብቻ አላወቀችም። ያኔ ወደ አገር ቤት የሚደወለው ካርድ ተፍቆ ነው። ካርድ ግዛልኝ ስትለው ባህሩዲን ይገዛል፣ እሱው ይፍቃል፣ እሱው ይደውላል፣ «መስመሩ አልገባም» ብሎ ይዘጋል። እናቷ ሞቱ፣ ተቀበሩ፣ ሰደቃቸው ወጣ። ከድሪያ ወለደች፣ አርባዋ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሰዎች ቤቷን ሞሉት። ያን ቀን ለምን ደበቃችሁኝ አላለችም። ልጇን ታቅፋ ነበርና «ያኔ ብትነግሩኝ ይህቺን አላገኛትም ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህም ይህንኑ ስትል ኖራለች፤ ኢናስም ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው።

«አንቺ ነፍሰ ጡር ነበርሽ» አለች ፈነት። «ኢናስ ግን ዛሬ መልስ ይጠበቅባታል።»

«ሂጂ እላታለሁ። ምክንያቱን እሑድ ትሰማዋለች።»

«ጠዋት አትሂጂ ብለሽ አልቅሰሽ፣ ከሰዓት ሂጂ?»

«እናቷ አይደለሁም? እኔ ካልኳት ትሄዳለች።»

ፈነት ናፕኪኗን አንሥታ ማጠፍ ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ «እንመጣለን» አለች። «እኔ ብሆን ግን ዛሬ ነበር የምነግራት።»

ከምሳ በኋላ ከድሪያ ለባህሩዲን ደወለች። ኤርፖርቱ የታክሲ ማቆሚያ ውስጥ ተራ ይጠብቃል፤ ከሆቴሉ አምስት ደቂቃ አይርቅም፣ ግን በሥራ ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ነገሩን ስትነግረው በስልኩ ውስጥ የሌሎች ሾፌሮች ሳቅ ይሰማል። በመጨረሻ «ቅዳሜን ትሩጥ» አለ። «ከውድድር በፊት ጉልበቷን አትስበሪው። ሂጂ ብቻ በያት።» ከዚያ ወሬውን ወደ ጎማ ወሰደው። ባለጋራዡ አራት ጎማ ስድስት መቶ ብሎኛል፣ በረዶ ሳይጥል ማስቀየር አለብኝ፣ ሁለቱን አሁን ሁለቱን ኋላ ብለው ምን ይመስልሻል አላት። ሁለቱን አሁን ይሻላል አለችው። ስልኩን ስትዘጋ «ልጃችን» የሚለው ቃል በሁለቱም አፍ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተነሣ ልብ አላለችም።

ኢናስ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቀለል ያለ ልምምድ ሠርታ ነበር፤ ፊቷ ቀልቷል፣ የኋላ ወንበሩ ላይ የቅዳሜው ማሊያዋ ከነመለያ ቁጥሩ ተዘርግቷል። ከድሪያ ቀበቶዋን አስራ ስለ እንቁላል ጀመረች። እንቁላል ቀንሷል ወይ? ትንሽ ቀንሷል። ፈነት የምትገዛበት ሱቅ ከዚያም ይረክሳል ይባላል። የሚኒያፖሊስን ፎቆች አልፈው ወንዙ እስኪታይ ድረስ ስለ እንቁላል አወሩ። በዚህ አገር ዘመድ ከዘመድ የሚሸሸግበት ነገር ሲያጣ የዕቃ ዋጋ አለለት።

«ያንን የጠዋቱን ነገር» አለች ከድሪያ በመጨረሻ። «ሂጂ።»

ኢናስ ዞር ብላ አየቻት፣ መልሳ መንገዱን አየች። «ምን?»

«ወደዚያኛው ኮሌጅ። ትራንስፈር አድርጊ። እኛ ምን እንሆናለን? ሂጂ ልጄ።»

«ጠዋት አልቅሰሽ አልነበር?»

«ጠዋትማ ሆድ ብሶኝ ነው። ሂጂ እልሻለሁ፣ አትጠይቂኝ።»

ከድሪያ እንዲህ ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ያ እንባ የተባረረው ቡድን እንባ ነው፤ ግን እንባ ከየት እንደመጣ ስሙ አልተጻፈበትም። ኢናስ ያየችው ልጇን ላለማሰር ብላ አንጀቷን አሥራ ሂጂ የምትል እናት ነው።  ኢናስ ከአውራ ጎዳናው ወርዳ ብሩክሊን ሴንተር መግቢያ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ ገባች፣ መኪናውን ጥግ ላይ አቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች። ስልኳ መሪው አጠገብ በተለጠፈው መያዣ ላይ ነበር። ከዚያው ሳታነሣው ደወለች፤ የአሠልጣኟ ድምፅ መኪናውን ሞላው። ደስተኛ ድምፅ ነው፤ ኢናስ እያለ ስሟን አሳምሮ ይጠራል።

ከድሪያ የሆቴል እንግሊዝኛዋ አሳምሮ ይበቃታል፤ ሁሉንም ሰማች። ኢናስ በጣም አመሰገነች። ብዙ አስቤበት ነበር አለች፤ ግን ወላጆቼ ከእኔ ሌላ የላቸውም፤ ቡድኔም በሚመጣው ዓመት አለቃ ሊያደርገኝ ነው፤ እዚሁ ሴንት ፖል እጨርሳለሁ አለች። አሠልጣኟ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀች። እርግጠኛ ከሆንሽ ተራ የምትጠብቀው ልጅ ጋ አሁኑኑ መደወል አለብኝ አለች። ኢናስ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ እናቷ ዞረች፤ ፈገግ ብላለች። ከድሪያ አፏን ከፈተች። መኪናው ቆሟል፣ ልጅቷ እየነዳች አይደለም፣ ምሳዋንም በልታለች። ግን በስልክ፣ ነዳጅ ማደያ ጥግ፣ ሰው በሌለበት፣ ቅዳሜ ሳይደርስ እንዴት ይነገራል? ሆድ ይፍጀው አለችና አፏን ዘጋች። «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ» አለች ኢናስ። አሠልጣኟ መልካም ዕድል ተመኝታ ዘጋች።

«ደስ አለሽ?» አለች ኢናስ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ከድሪያ።

የቤታቸው ሳሎን ጠባብ ነው። ሆቴሉ ዕቃ ሲቀይር ባህሩዲን በርካሽ የገዛው ክብ ጠረጴዛ ግማሹን ይዞታል፤ ስንት ሰው ውል የተፈራረመበት ጠረጴዛ አሁን ሩዝና ዶሮ ይቀርብበታል። መግሪብ ተሰግዶ ለራት ሲቀመጡ ባህሩዲን ለኢናስ ትልቁን ብልት አወጣላት። «ብዪ፣ ለቅዳሜ ጉልበት ይሆንሻል» አለ። ኢናስ ስቃ ጎረሰች። እዚህ መቅረቷን ነገረችው። ባህሩዲን ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ሩዙን አየች። «ደግ» አለ። ከዚያ ጎማውን አነሣ፤ ሁለቱን ብቻ ቢለው ባለጋራዡ ስላልተስማማ አራቱንም ሊቀይር ነው።

የኢናስ ስልክ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ አላቆመም። ከሰባቱ ፕሬዚዳንቶች የአንዳቸው አፍ አልያዘም፤ ወሬው የኮሌጁ ተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ኢናስ አነበበች፣ ወደ ላይ መልሳ እንደገና አነበበች። እጇን ሳትታጠብ ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋችው። ግድግዳው ስስ ነው። ለዚያችው አሠልጣኝ ስትደውል ሰሙ። ይገባኛል ስትል፣ አይ፣ ይገባኛል፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ስትል ሰሙ። ከዚያ ለልጅቷ እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ አለች። ባህሩዲንና ከድሪያ አልተያዩም። ማሞቂያው ላይ የተሰጣው የሩጫ ካልሲ ጠብ ጠብ ይላል።

ኢናስ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ቡድናችን ተዘጋ» አለች። «ከኮንፈረንሱ አስወጡን። ቅዳሜ የመጨረሻችን ነው።» ቆም አለች። «ኮች ስልኩን እንደዘጋሁ ቦታውን ለሌላዋ ልጅ ሰጥታዋለች። አሁን ምንም ማድረግ አልችልም አለችኝ። አታውቂም ነበር፣ በራስሽ አትፍረጂ አለችኝ።»

ምን ማለትሽ ነው ያለ የለም። ማን አስወጣችሁ ያለ የለም። ባህሩዲን የዶሮውን አጥንት ከሳህኑ ወዲህ ወዲያ ያደርጋል። ኢናስ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን እያየች ጠበቀች። ቡድኗ ሲዘጋ የማይደነግጥ አባት የላትም፤ ስንት ቅዳሜ ተራውን ትቶ ሣር ላይ ቆሞ ሲጮህላት ያየችው ሰው ነው።

«ለምንድነው የማትጠይቁኝ?» አለች።

ባህሩዲን አጥንቱን ሳህኑ ላይ ለቀቀው።

«ዩ ኒው» አለች ቀስ ብላ። «ታውቁ ነበር። ኡሚ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ረፋድ ላይ። እኔ ነበርኩ የማስተናግዳቸው።»

«ስደውል አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«አልሐምዱሊላህ አልሽኝ።»

ከድሪያ ያን ጊዜ መናገር ጀመረች፤ ማቆምም አልቻለችም። ቅዳሜን እንድትሮጪልኝ ብዬ ነው፤ እሑድ ጠዋት ፈነትና ኦላና ሊመጡ፣ ሰው ባለበት፣ በወጉ ልንነግርሽ ነበር፤ ሂጂ አልኩሽ እኮ፣ ምን ላድርግ፣ ሂጂ አልኩሽ። እኔም እንዲሁ ነው የተደረገልኝ። እናቴ ስትሞት አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ። ደበቁኝ፤ ደብቀውኝ ነው አንቺን ያገኘሁሽ። ደግ ነገር ነው የተደረገልኝ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ጸሎት እንደሚደግም ሰው ሆነ፤ ቃሉ ሁሉ በቦታው ነው፣ ስንት ዓመት የተባለ ነው። ኢናስ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«አያቴ ወዲያው ነው የሞተችው?» አለች።

«ኧረ ታማ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ተኝታ ነበር።»

«መታመሟንም ደበቁሽ?»

«መታመሟንም።»

«መናገር ትችል ነበር? ስትታመም?»

ከድሪያን ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። «እስከ መጨረሻው ትናገር ነበር አሉ» አለች። «ስሜን ትጠራ ነበር አሉ።»

«ተይ ልጄ» አለ ባህሩዲን።

ኢናስ አልተወችም። ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው። «ቢነግሩሽ ኖሮስ ኡሚ? መታመሟን ብቻ ቢነግሩሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ከድሪያ የለመደችውን መልስ ፈለገች። ደንግጬ አንቺን አጣሽ ነበር የሚለው መልስ እዚያው ምላሷ ላይ ነበር። ሊወጣ ግን አልቻለም። ባህሩዲንን አየችው፤ ካርዱን እየፈቀ መስመሩ አልገባም ይላት የነበረውን ሰው አየችው። እሱም አቀርቅሮ ነበር።

«እደውልላት ነበር» አለች። «ድምፄን ትሰማ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች፤ ለእናቷ ይሁን ለልጇ ራሷም አልለየችም። ባህሩዲን እጁን ከሳህኑ አነሣ፣ ወዴት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው። እሑድ አትምጡ ብሎ ለፈነት የሚደውል ሰው አልነበረም። ኢናስ እናቷን አላቀፈቻትም፤ ከጠረጴዛውም አልተነሣችም።